ልጁ ይንፈራፈራል፣ ልጅቷ ዘጋችን፣ አማቴ «ሌባ» አሉኝ

«39 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖራለን። ወንዱ ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። የፈለገውን ስንከለክለው መሬት ላይ ተዘርሮ ጭንቅላቱን ከወለሉ ያጋጫል። ሁለት ጊዜ ደግሞ እያለቀሰ ትንፋሹ ቆሞ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ሰውነቱ ዝሎ አይተነዋል። የ14 ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን ሰክታ ትጋደማለች። ‹ምን ሆንሽ?› ስላት መልሷ ‹ምንም› ነው፤ ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ናት። የምታድረው ከአያቷ ጋር አንድ ክፍል ነው። አማቴ 73 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከደብረ ብርሃን ካመጣናቸው 7 ወር ሆነ። ድሮ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን ዝም አሉ። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ባሉት ሦስት ሳምንታት ደግሞ ‹ከመቀነቴ ብር ወሰዳችሁ› እያሉ ይጮኻሉ፤ ሌሊት ከሟች ባለቤታቸው ጋር ሲያወሩ ይሰማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ጎረቤት ‹ዓይን ነው› ይላል። ባለቤቴ ‹ልጁን ያሞላቀቅሽው አንቺ ነሽ› ይለኛል። ምን ገባብን?»

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤዎን የጀመሩት ከልጁ ነው፤ እኛ ግን ከአማትዎ እንጀምራለን። የልጁም የልጅቷም ነገር ጊዜ ይሰጣል፣ የእሳቸው ግን አይሰጥም። ዛሬ ነገ ሳይባል ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

በብዙዎቻችን ዘንድ «ሰው ሲያረጅ ነጭናጫ ይሆናል፣ ይጃጃል» የሚል እምነት አለ። ይህ ሰው የሚጎዳ ስህተት ነው፤ ሊታከም የሚችለው ሕመም «ዕድሜ ነው» ተብሎ እንዲታለፍ ያደርጋል። ጤነኛ እርጅና ስሜትን ያሰክናል እንጂ አያሻክርም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ላውራ ካርስተንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ለአሥርተ ዓመታት ያካሄዱት ጥናት እንደሚያሳየው፣ አዛውንቶች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ከወጣቶች ያነሰ ቁጣና ጭንቀት ይሰማቸዋል፤ ከክፉው ይልቅ ደጉን ነገር ያስታውሳሉ። ሰው የቀረው ዘመን አጭር መሆኑን ሲረዳ ሁሉን ሰው ማስደሰት ይተውና ልቡ ውስጥ ላሉት ጥቂቶች ያደላል። እንግዲህ ጨዋታ አዋቂ የነበሩ ሴት ድንገት ሰው ሁሉ ሌባ ከመሰላቸው፣ ዕድሜያቸውን ትተን ምን እንዳገኛቸው መፈለግ አለብን።

ለዚህ የመጀመሪያው መለያ ለውጡ የፈጀው ጊዜ ነው። በሰዓታት፣ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመጣ፣ ጠዋት ቀለል ብሎ ማታ የሚብስ፣ አንዴ አስተካክለው እያወሩ ትንሽ ቆይቶ የት እንዳሉ እስኪጠፋቸው የሚያደርስ መደናገር፣ ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ነው። ይህ በራሱ በሽታ ሳይሆን ሰውነት ውስጥ የተደበቀ የሌላ ችግር ጩኸት ነው፤ ምንጩ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ከዘገየ ግን ለሕይወትም ያሰጋል። በሳምንታትና በወራት የሚመጣ ዝምታ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ «ምን ቀረኝ» ማለት ወደ ድባቴ ይጠቁማል። በብዙ ወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚሸረሽር መርሳት ደግሞ ዲሜንሺያ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ አንዱ በሌላው ላይ ሊደረቡም ይችላሉ። እርስዎ ከጻፉልን የምናየው ሁለት ድርብርብ ነገር ነው፦ የሰባት ወር ዝምታ፣ በዚያ ላይ የሦስት ሳምንት መደናገር።

የሦስቱን ሳምንት በተመለከተ ዓይናችን ያረፈው ውኃው ላይ ነው። ለደም ግፊት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚያሸኑ ናቸው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በአዛውንት ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም የተባለ ጨው ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ሶዲየም ሲወርድ አእምሮ ይደናገራል። አዛውንት ላይ ደግሞ የጥም ስሜት ራሱ ይደክማል፤ ሰውነታቸው ውኃ ሲጎድለው ላይሰማቸው ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ የሚያሸና መድኃኒት መዋጥ በዚህ ዕድሜ ከባድ ነው። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቁሙ፤ ይህ የሐኪሙ ሥራ ነው። ጾሙን በተመለከተ ንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ ለታመመና ለደከመ ሰው ማቅለል የእሳቸው ድርሻ ነው፣ አማትዎም ከእርስዎ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

መጀመሪያ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይውሰዷቸው። ብዙ ቤተሰብ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር በቀጥታ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ይሄዳል ወይም ጭራሽ አይሄድም፤ ግን የሰውነቱ ምርመራ ይቅደም። ሲሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ለጉንፋን ከፋርማሲ የተገዛውንና ጎረቤት «ለእንቅልፍ ይሻላል» ብላ የሰጠችውን ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ጉንፋንና አለርጂ ላይ የሚወሰዱት ክሎርፈኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን፣ እንዲሁም ለድባቴና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ አዛውንትን የሚያደናግሩ የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። የሽንት ምርመራ፣ የደም ስኳር፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ የኩላሊት፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ ከተቻለም የቫይታሚን ቢ 12 ምርመራ ይጠይቁ። ሆድ ድርቀትና ሽንት መከልከልም አዛውንትን ያደናግራሉ፤ አማት ደግሞ እንዲህ ያለውን ለምራት አይናገሩምና በሴት ልጃቸው ወይም በነርሷ በኩል ይጠየቁ። ጆሯቸውና ዓይናቸውም ይታዩ። በኩክ የተደፈነ ጆሮና የዓይን ሞራ የጥርጣሬ ምንጭ ናቸው፤ እርስዎ ሳሎን ውስጥ በስልክ ሲያወሩ እሳቸው ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ እንጂ ቃሉን ስለማይሰሙ፣ የሚያሟቸው ቢመስላቸው አይገርምም።

ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ማየት ይችላሉ። በጨዋታ መሃል የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ይጠይቋቸው፦ እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ እያሉ። ጀምረው መሃል ላይ የሚጠፋባቸው ከሆነ ትኩረታቸው ተናግቷል ማለት ነው፤ ይህ የዴሊሪየም ዋና ምልክት ነው። ሌላው የቀኑ ነገር ነው። ዓመተ ምሕረቱን ወይም የመሪ ስም መጠየቅ ለእንዲህ ያሉ እናት ፈተና አይሆንም፤ ድሮም ላያስቡት ይችላሉ። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን ሳይስቱ የኖሩ ሰው ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ ከጠፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ቡናውንም ያስተውሉ። ቡና ማፍላት ብዙ ደረጃ ያለው ሥራ ነው፤ ቡናውን አጥበው ሳይቆሉ ከረሱት፣ ከአቦል በኋላ ቶናውን ለመድገም ግራ ከገባቸው፣ ይህንኑ ለሐኪሙ ይናገሩ። «ይረሳሉ» ከማለት የበለጠ ይጠቅመዋል።

«ሌባ» ሲሉዎት ደግሞ አይከራከሩ፣ አይማሉ። ሰው ብሩን ሸጉጦ የሸጎጠበትን ሲረሳ፣ አእምሮው የጎደለውን ታሪክ በሌላ ሰው እጅ ይሞላዋል፤ ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው አጠገቡ ሆኖ የሚያጥበውና የሚያበላው ሰው ነው። ስለዚህ ሌባ መባልዎ የጥላቻ ምልክት አይደለም። «ብርዎ ጠፋ? ኑ አብረን እንፈልግ» ይበሉና አብረው ይፈልጉ፤ ሲገኝም «ይኸው፣ እኔ አልወሰድኩም» አይበሉ። ሰው የሚደብቅባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም፤ ከትራስ ሥር፣ ከፍራሽ እጥፋት፣ ከጋቢ ጫፍ ቋጠሮ። ሁለት ሦስቱን ካወቁ በኋላ ፍለጋው አምስት ደቂቃ ነው። መቀነታቸው ውስጥ ዝርዝር ብር አይጉደል፤ ባዶ መቀነት ያስጨንቃቸዋል።

ከሟች ጋር ማውራታቸው ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። የትዳር ጓደኛ የሞተበት ሰው ድምፁን መስማት፣ ጥላውን ማየት በኀዘን ወራት የተለመደ ነው። መለያው ጠዋት ላይ ነው። በነጋታው «ማታ በሐሳቤ ሳወራው ነበር» ካሉ ኀዘን ነው። «መጥቷል፣ ራት አቅርቡለት» ካሉ የመደናገሩ አካል ነው።

አሁን ወደ ሰባቱ ወር። ከላይ እንዳልነው ሰው ሲያረጅ ክበቡን ያጠባል፤ የሚቀሩትም ጥቂት ሰዎች ሸክሙን ሁሉ ይሸከሙለታል። አማትዎ የመጀመሪያውን በሞት አጡ፤ የቀሩትን፣ ማለትም የሰፈር ጎረቤቶቻቸውን፣ ዕድራቸውን፣ ማኅበርተኞቻቸውን፣ የደብራቸውን ሰው ደግሞ እኛ በደግነት አስጣልናቸው። ወደዚህ አምጥተን «እርስዎ ይረፉ፣ ምንም አይንኩ» አልናቸው። ይህ አክብሮት ሆኖ የተባለ ቃል ነው፤ ለእሳቸው ግን «አያስፈልጉም» ማለት ሆኖ ይደርሳል። ድካማቸው ሲሻል እውነተኛ ሥራ ይስጧቸው። ምስሩን እሳቸው ይልቀሙት፣ የበርበሬውን ቅመም እሳቸው ይመጥኑት፣ የሚችሉ ከሆነ ፈትል ይፍተሉ። የደብረ ብርሃኑ ዕድር መዋጮ እንዳይቋረጥ፤ ብሩ ትንሽ ነው፣ ትርጉሙ ግን «ሀገሬ ላይ ሰው አለኝ» ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ከቅርብ ጎረቤታቸው ጋር በስልክ ይገናኙ። ድባቴው ከዚህም በኋላ ካልለቀቃቸው ሕክምና አለው፤ የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ ያኔ ቦታው ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ።

ባለቤትዎ «አሞላቀቅሽው» ሲሉ የብዙ ሰው ሐሳብ ነው የተናገሩት፤ ግን የሰው ስሜት እንዴት እንደሚበቅል ካየነው ነገሩ ሌላ ነው። ሕፃን ሲወለድ ስሜት አለው፣ ማብረጃ ግን የለውም። ማብረጃው እናቱ፣ ወይም የሚይዘው ሰው ነው። ለቅሶ ከተወለደ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ጣሪያ ይነካል፤ ከ3 እስከ 4 ወሩ ላይ ይቀንሳል። በእነዚያ ወራት ማዘል፣ እሹሩሩ ማለት፣ ጡት መስጠት ማሞላቀቅ አይደለም፤ የሕፃኑ አንጎል ገና ያላበጀውን ማብረጃ ከውጭ ማዋስ ነው። በ8ኛው ወር አካባቢ እንግዳ ሰው መፍራት ይመጣል፤ ይህም የራሱን ሰው ለይቶ ማወቁን የሚያሳይ መልካም ምልክት ነው። በ1954 እና 1955 እ.ኤ.አ. ሜሪ አይንስወርዝ የተባሉ ተመራማሪ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ተከታትለው ነበር። ከእናታቸው ጉያ ወርደው ለመዳህ፣ ለመመርመር የሚደፍሩት ሕፃናት፣ ሲፈሩ የሚመለሱበት የታመነ ሰው ያላቸው መሆናቸውን አስተዋሉ። ይበልጥ የተረጋጉት ሕፃናት እናቶች ደግሞ ስለ ልጃቸው ጥቃቅን ነገር አጥርተው መናገር የሚችሉ ነበሩ። እርስዎም በደብዳቤዎ የልጁን ትንፋሽና የከንፈሩን ቀለም ሳይቀር ጽፈውልናል።

ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ልጅ በመስታወት ያየው ራሱ መሆኑን ያውቃል። «የኔ»፣ «እምቢ»፣ «ራሴ» የሚባሉት ቃላት የሚመጡት ያኔ ነው። ፈቃድ ተወልዷል፤ ቃሉ ግን ጥቂት ነው፣ ፍሬኑም ገና ነው። ሌላ ሰው ከሱ የተለየ ሐሳብ በልቡ ሊይዝ እንደሚችል የሚገባው 4 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ስለዚህ የ2 ዓመት ልጅ «እንግዳ ፊት ሊያዋርደኝ ብሎ ነው የሚጮኸው» ማለት አይቻልም፤ ይህን የሚያስብበት አእምሮ ገና አልተሠራም። ያሞላቅቃል የሚባለው ነገር ካለ ሌላ ነው፦ ከጮኸ በኋላ መስጠት። አራት ጊዜ ከልክለው በአምስተኛው ጩኸት ከረሜላውን ከሰጡት፣ የተማረው አምስት ጊዜ መጮኽን ነው። እርስዎ ከልክለው አያቱ ከሰጡት ደግሞ ይባስ። ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ማታ ተቀምጠው ሦስት የማይፈቀዱ ነገሮች ላይ ብቻ ይስማሙ፤ ሃያ ሕግ ማንም አይጠብቅም። የሚሰጡት ከሆነ በመጀመሪያው ጥያቄ ይስጡት፤ የማይሰጡት ከሆነ እስከ መጨረሻው አይስጡት።

ሲንፈራፈር እንዲህ ያድርጉ። ጎንበስ ብለው ከቁመቱ እኩል ይሁኑ። ጭንቅላቱ ሥር እጅዎን ወይም ጋቢ ያድርጉ፤ ወለሉ የኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ከሆነ ጨዋታው ምንጣፍ ላይ ይሁንለት። አያስረዱት፤ ያን ሰዓት ጆሮው አይሰማም፣ ቃል ሲበዛ ይብሳል። «አለሁ» ብለው ዝም ይበሉ። ለመታቀፍ ከፈቀደ ይቀፉት፣ ከገፋዎት አጠገቡ ይቀመጡ። አብዛኛው ንዴት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ተራ ለቅሶ ይለወጣል፤ ለመታቀፍ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ያኔ ይቀበሉት። ከዚያ ስሙን ይስጡለት፦ «ኳሷን ስለወሰድኩብህ ተናደድክ»፣ «ሆድ ባሰህ»። አማርኛችን ለስሜት ብዙ ቃል አለው፤ መቆጣት፣ መከፋት፣ ማኩረፍ፣ መደንገጥ፣ ሆድ መባባት ይለያያሉ። ልጁ ቃሉን ሲያገኝ መሬት ላይ የመውደቁ ነገር እየቀነሰ ይሄዳል።

ሦስት ነገር ግን አይሠራም። የመጀመሪያው «ጅብ መጣ፣ ጭራቅ ይበላሃል፣ ዶክተር መርፌ ይወጋሃል» የሚለው ነው። ዝም ያሰኘዋል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ምናቡ እያደገ ስለሆነ ጅቡ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል፣ ክትባት ሲደርስም ሆስፒታሉ ውስጥ መቆሚያ ያሳጣችኋል። ሁለተኛው መምታት ነው፤ ንዴት ሲመጣ ትልቅ ሰው እንደሚመታ ያስተምረዋል። ሦስተኛው ስልክ መስጠት ነው። ስልኩ ያበርደዋል፣ ግን ራሱን ማብረድ የሚለማመድበትን ደቂቃ ይወስድበታል፤ ስልኩ ሲነሳም ሁለተኛው ንዴት ከመጀመሪያው ይከፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ለ2 ዓመት ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን ነው ያስቀመጠው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ንዴቱ የመጣበትን ሰዓት ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ከምሳ በፊትና ከአመሻሽ በኋላ ተሰብስቦ ያገኙታል፤ ያ ረሃብና እንቅልፍ ነው። በዚህ ዕድሜ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት።

ትንፋሹ የሚቆመው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ያያችሁት ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ፣ በለቅሶ ወይም በድንጋጤ የሚቀሰቀስ የትንፋሽ መያዝ ይመስላል። ልጁ ሆን ብሎ አያደርገውም። ብዙ ጊዜ ከ1 ደቂቃ በታች ነው፤ ራሱ ይተነፍሳል። በጎኑ ያስተኙት፣ ጭንቅላቱን ከሚያጋጭ ነገር ያርቁ፤ አይነቅንቁት፣ ውኃ አይድፉበት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ሲነቃም አትደናገጡ፤ ቤቱ ሁሉ ከተንጫጫ እሱም ይፈራል። ሐኪም ግን ማየት አለበት፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ከብረት እጥረት ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። ሄሞግሎቢኑና የብረት ክምችቱ ይመርመር። እጥረት ካለ ሐኪሙ በሚያዘው መጠን ብረት ሲወስድ ብዙ ልጆች ላይ ይቀንሳል። እስከዚያው ከምግቡ ጋር ሻይ አይስጡት፤ ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ያስቀራል። የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር አይለፍ፤ ወተት ሆዱን ሞልቶ ምግቡን ያስተወዋል። ትንፋሹ ሳያለቅስ ከቆመ፣ ከ1 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ረዘም ላለ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር አለመሆኑ መጣራት ስላለበት ወዲያውኑ ይውሰዱት። ንዴቱም በተደጋጋሚ ከ25 ደቂቃ የሚያልፍ ከሆነ ወይም ራሱን እየነከሰ፣ እያቆሰለ ከሆነ ለሕፃናት ሐኪሙ ይንገሩ።

የልጅቷን ነገር በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጽፈው አልፈውታል፤ እኛ ግን ከእነዚያ በአንዷ ላይ ቆመናል፦ ከአያቷ ጋር አንድ ክፍል ነው የምታድረው። ያ ማለት ከሰባት ወር በፊት ክፍሏን አጥታለች፤ አያቷን አጥታለች ማለትም ይቻላል፣ የምታውቃቸው ጨዋታ አዋቂ አያት ጠፍተዋልና። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ደግሞ ሌሊት ከሙት ጋር የሚወራ ወሬ እየሰማች ነው የምታድረው። ኢርፎኑ ለምን ከጆሮዋ እንደማይነቀል በከፊል ይኸው መልስ ነው። በአፍላ ዕድሜ የአንጎል የእንቅልፍ ሰዓት ራሱ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ሲኖርባት ይህ ሁሉ ተደርቦ እንቅልፏን በልቶታል። ስሜትን የሚያግለው የአንጎል ክፍል በዚህ ዕድሜ ይፈጥናል፤ የሚያበርደው ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እየተሠራ ነው። እንቅልፍ ማጣት ሲታከልበት ኩርፊያው የሚጠበቅ ነው።

የመደናገሩ ነገር እስኪታከም ድረስ አማትዎ ጋ ትልቅ ሰው ይደር፤ እርስዎና ባለቤትዎ ተራ ይግቡ፣ ልጅቷ ሳሎን ትተኛ። የ14 ዓመት ልጅ የታመመ አዛውንት የሌሊት አስታማሚ ልትሆን አይገባም። ቁልፍ ያለው አንድ መሳቢያ የሷ ይሁን፣ አልጋዋ ዙሪያ መጋረጃ ይሰቀል። ስልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሁሉም፣ የእርስዎና የአባቷም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይሰካ፤ የሷ ብቻ ከተወሰደ ቅጣት ይሆናል፣ የሁሉም ከሆነ የቤቱ ሥርዓት ይሆናል። «ምን ሆንሽ?» ደግሞ ይቅር፤ ለዚህ ጥያቄ «ምንም» ብቻ ነው መልሱ። ሽንኩርት እየላጣችሁ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ «ማታ አያትሽ ስንት ሰዓት ቀሰቀሱሽ?» ብለው ይጠይቋት። ከዚያ ዝም ይበሉ። አይምከሩ።

ይሁን እንጂ ከ2 ሳምንት በላይ ከጓደኞቿ ከተለየች፣ የምትወደውን ከተወች፣ ምግብ ከጠላች፣ ክንዷ ላይ የመቆረጥ ምልክት ካዩ፣ «ብሞት ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከወጣት፣ በቀጥታ ይጠይቋት፦ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ ብቻዋን የተሸከመችውን ያወርድላታል። አዎ ካለች ብቻዋን አይተዋት፣ የአያቷን መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከቤት ያስወጡ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ስለ እርስዎ አልጠየቁም። ግን በዚህ ቤት የሌላውን ሁሉ ንዴት የሚያበርደው የእርስዎ ሰውነት ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ ልጅ ማብረድ አይችልም፣ አብሮ ይነዳል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሳይቀሰቀሱ ይተኙ፤ ያን ሌሊት የባለቤትዎ ተራ ነው። «ዓይን ነው» ለሚለው ጎረቤት መልስ መስጠት አይጠበቅብዎትም። አማትዎ ጸበል ካሻቸው ይጠመቁ፣ ግን መድኃኒታቸው አይቋረጥ፣ ሐኪሙም አይዘግይ።

ወደ ሐኪሙ የሚወስዷቸው ልጃቸው ይሁኑ፤ አማትዎ ልጃቸው ሲጠይቃቸው ይሄዳሉ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለኝም» ማለታቸው አይቀርም። ለእንግዳ ሰው ሕመም መናገር ነውር ሆኖባቸው ነው፤ ጠዋት ላይም ነገሩ ቀለል ብሎ ሐኪሙን ሊያታልለው ይችላል። ስለዚህ ባለቤትዎ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ እናታቸው ሳያዩ ለነርሷ ይስጡ። የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር «ለውጡ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ማታ ይብሳል» ይሁን። ሁለተኛው «ቀን ቀን ውኃ አይጠጡም»። ከዚያ በታች የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ስም ከነመጠኑ።